ምዕራፍ ሰባት፦ የአፈሙዝ ጩኸትና የባለቤቱ ጆሮ

በቡሬ አቅራቢያ በአንዲት የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አጎት አሉኝ፤ አያ እላቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ዕለት ከታቦቱ ኋላ አብረን ስንሄድ ካህናቱ ቆም ብለው ወረብ ጀመሩ። ከበሮው ሲመታ አያ ትከሻቸውን ከምቱ ጋር ያወዛውዛሉ፤ ዓይናቸው ግን ጸናጽል በያዘው ዲያቆን እጅ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ምነው አያ?» አልኳቸው።

ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩና «እጁ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ጸናጽሉ ዛሬ አይጮህም እንዴ?» አሉኝ።

ጸናጽሉ ይጮኻል። እኔ እሰማዋለሁ፤ ከጎናችን ያሉት ሕፃናትም ይሰሙታል። የአያ ጆሮ ግን ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ ይዞ ቀጭኑን የጸናጽል ድምፅ ጥሎታል። ምክንያቱንም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አያ በወጣትነታቸው ስማቸው የተጠራ ተኳሽ ነበሩ። ሠርግ ሲሆን ሙሽራ አጅበው፣ ጀግና ሲሞት ለቅሶ ደርሰው፣ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ጥይት ሳይቆጥቡ ይተኩሱ ነበር። ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻቸው ስለሚይዙት የግራ ጆሯቸው ወደ አፈሙዙ ይቀርባል፤ ቀኙን ጭንቅላታቸው በጥቂቱ ይከልለዋል። ዛሬ ሰው ሲያናግራቸው ቀኙን የሚያዞሩት ለዚህ ነው።

ይህን ምዕራፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አያ ብቻ አይደሉም። በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ቡና እየጠጣን ስንጫወት ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄም አለ። «ድምፅ የሌለው ሽጉጥ አለ ይባላል፤ እውነት ነው? ማፈኛስ ከተባለ የትኛው ይሻላል?» ጥያቄው ከፊልም የመጣ ነው፤ መልሱ ግን ስለ ድምፅ፣ ስለ ጆሮና ስለ ባህላችን ብዙ ያስተምራል። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ድምፅ አልባ የሚባለው ሽጉጥ ድምፅ አለው። ማፈኛ የሚባለውም ዕቃ ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ረጅሙን መልስ ደግሞ ከራሳችን አገር እንጀምረው።

ጠመንጃ የሚናገርበት አገር

በጎጃም ገጠር ጠመንጃ የሚተኮሰው እንዲሰማ ነው። ውጅግራም ይሁን ምንሽር፣ ዛሬ ደግሞ ክላሽ፣ ድምፁ መልእክት ነው። ሠርግ ላይ «ደስ ብሎናል» ይላል፤ ቀብር ላይ «ወንድ ሞተብን» ይላል። ሌሊት በድንገት ከተሰማ «ድረሱልኝ» ማለት ነውና ከማዶ ያለው ጎረቤት ዱላውንም ጠመንጃውንም ይዞ ይወጣል። ፉከራና ቀረርቶ ያለ ተኩስ ጎደሎ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው።

ድምፅ ራሱ መሣሪያ እንደሚሆን ደግሞ ቡሬ በታሪኳ አይታዋለች። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ወደ ቡሬ ሲመጣ፣ ምሽጉ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር የኢጣሊያ ጦር ነበር። የመጣው መደበኛ ጦር በጠቅላላው ሁለት ሺህ አይሞላም። ታዲያ ጥቂቶቹ ሌሊት ሌሊት ከዚህም ከዚያም ተኩስ እየከፈቱ፣ ቦታ እየለዋወጡ፣ በድምፅ ማጉያ ለጠላት ያደሩትን የአገሬው ወታደሮች «ወደ ወገኖቻችሁ ግቡ» እያሉ ሰላም ነሧቸው። በጨለማ የሚሰማ ተኩስ ቁጥሩ አይታወቅም፤ የፈራ ጆሮም አንዱን አሥር አድርጎ ይቆጥራል። ጠላት የገጠመው ኃይል እጅግ ብዙ መሰለውና የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አቅጣጫ ወጣ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

እንግዲህ ድምፁን አብዝቶ የሚፈልግ አለ፤ ድምፁን መደበቅ የሚፈልግም አለ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነውና እርሱን እንይ።

አንድ ተኩስ፣ ሦስት ድምፅ

ቃታ ሲሳብ የምንሰማው ጩኸት አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የአፈሙዙ ነው። ቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ በቅጽበት ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ እርሳሱን ከኋላ እየገፋ በቀጭኑ አፈሙዝ ታምቆ ይሄዳል፤ እርሳሱ ሲወጣ ከኋላው ያለው ትኩስ ጋዝ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይፈነዳል። የተናወጠ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን አስቡት፤ የጠመንጃው ግን እጅግ የታመቀና የጋለ ነው።

ሁለተኛው የጥይቱ የራሱ ድምፅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው። ይህን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ የቦታው ከፍታ ራሱ አይደለም፤ ደጋው ላይ በጥቂቱ የሚቀንሰውም ስለሚቀዘቅዝ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያልፋል። ከድምፅ የቀደመ ነገር ሁሉ አየሩን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ጅራፍ ሲጮህ እንደሚሰማው ያለ «ጧ!» የሚል ድምፅ በመንገዱ ሁሉ ያሰማል። የጅራፉም ጩኸት ምክንያቱ ያው ነው፤ ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል።

የቀድሞ አርበኞችም ሆኑ አዳኞች ይህን ያለ መጽሐፍ አውቀውታል። ጥይት በአጠገባቸው ሲያልፍ መጀመሪያ «ጧ»፣ ቀጥሎ ከሩቅ «ዱም» ይሰማሉ። የመጀመሪያው ጥይቱ ነው፤ ሁለተኛው አፈሙዙ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በረዘመ ቁጥር ተኳሹ ሩቅ ነው።

ሦስተኛው የብረቱ ድምፅ ነው፤ መምቻው፣ ወደኋላ ተመልሶ ቀለህ የሚያስፈነጥረው ክፍል፣ ቀለሁ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ቅጭልታ። በሌሎቹ ሁለቱ ተውጦ ስለሚቀር ማንም ልብ አይለውም።

ማፈኛ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

አባት ደነቆረ፣ ልጅ ማፈኛ ሠራ

በዓለም የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚያጎርስ መትረየስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሠራው ሃይረም ማክሲም ነው። ሰውየው በመሣሪያው ጩኸት መካከል ዓመታት አሳልፎ በመጨረሻ ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ የጠመንጃን ጩኸት የሚቀንስ ቱቦ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። አባት ያመጣውን ጩኸት ልጅ ሊያበርደው ሲነሣ ማየት በአንድ ቤት ውስጥ የተፈጸመ ካሣ ይመስላል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ፣ በውስጡ ብዙ ክፍልፋይ ያለው ቱቦ ይጋጠማል። እርሳሱ በመሐል ቀዳዳ ያልፋል፤ ጋዙ ግን በየክፍልፋዩ እየተጋጨ፣ እየሰፋ፣ እየቀዘቀዘ ቀስ ብሎ ይወጣል። በአንድ ጊዜ መፈንዳቱ ቀርቶ በዝግታ ሲተነፍስ ጩኸቱ ይቀንሳል።

ይህን የምናውቀው ከሌላ ዕቃ ነው፤ ከመኪና ማርሚታ። ማርሚታው የተቀደደበት ባጃጅ በፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ ሲያልፍ የሱቅ ደጃፍ ሁሉ ይረበሻል፤ ማርሚታው ሲበየድ ሰላም ይወርዳል። የሞተሩ ኃይል አልተለወጠም፤ ጋዙ የሚወጣበት መንገድ ተለወጠ እንጂ። ማክሲምም ከጠመንጃ ተነሥቶ ያንኑ ዘዴ ለሞተር ማፈኛ አውሎታል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 በማፈኛ ላይ 200 ዶላር ግብር ጣለች፤ በዚያን ጊዜ ይህ ለብዙ ሰው የወራት ገቢ ነበር። በሰሜን አውሮፓ ግን፣ በፊንላንድና በኖርዌይ፣ አዳኝ ማፈኛ ቢጠቀም እንደ ጨዋነት ይታያል፤ የራሱን ጆሮ፣ የውሻውንና የጎረቤቱን ሰላም ይጠብቃልና። አንዱ አገር ማፈኛን በነፍሰ ገዳይ ዓይን ሲያየው ሌላው በማርሚታ ዓይን ያየዋል።

ለሽጉጥ የሚመርጡ ሰዎች ምን ያያሉ?

ማፈኛ በሕግ በሚሸጥባቸው አገሮች ለሽጉጥ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ ፍጥነት ነው። ጥይቱ ከድምፅ ከቀደመ፣ አፈሙዙ የቱንም ያህል ቢታፈን «ጧ» የሚለው የአየር ስንጥቅ ይቀራል። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት 8 ግራም ያህል ሲመዝን በሰከንድ ከ350 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይሰነጥቃል። ወደ 9.5 ግራም የሚመዝነው ከባዱ ዓይነት ግን 300 ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ አይሰነጥቅም። አገራችን ውስጥ የሚታወቀው የማካሮቭ ጥይት 315 ሜትር አካባቢ፣ ወፍራሙ ባለ .45 ደግሞ 260 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሁለቱም ከድምፅ በታች ናቸው።

ቀጥሎ ክብደት ይመጣል። የአብዛኛው ዘመናዊ ሽጉጥ አፈሙዝ በተኮሰ ቁጥር በጥቂቱ ወደኋላ ሄዶ ዘንበል እያለ ነው ቀለህ የሚጥለውና አዲስ ጥይት የሚያጎርሰው። ጫፉ ላይ ሩብ ኪሎ ብረት ሲንጠለጠልበት ይህ እንቅስቃሴ ይታወካል፤ ሽጉጡ ይነክሳል። ስለዚህ የሽጉጥ ማፈኛ ከጠመንጃው የሚለየው ክብደቱን ለቅጽበት የሚያቃልል ባለ ሞላ ክፍል ስላለው ነው።

ከዚያ ርዝመቱ አለ። ረጅም ማፈኛ ለጋዙ ብዙ ቦታ ስለሚሰጥ የተሻለ ያፍናል፤ ነገር ግን ሽጉጡን በወገብ የማይያዝ፣ ማነጣጠሪያውም የተጋረደ ያደርገዋል። የመጀመሪያዋ ጥይት ከሚቀጥሉት ይበልጥ የምትጮኸውም በቱቦው ውስጥ የነበረው አየር ያልተቃጠለውን ባሩድ ስለሚያቃጥለው ነው። የታፈነው ጋዝ ወደኋላ ሲመለስ ደግሞ ተኳሹ ፊት ላይ ጢስ ይነፋል።

ፊልም ላይ ባለ ሽክርክር ሽጉጥ ማፈኛ ተገጥሞለት ሲያሾከሹክ ካያችሁ ውሸት ነው። የዚህ ሽጉጥ ጋዝ በሚሽከረከረው የጥይት ማኖሪያና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ይሾልካል፤ ጫፉን ማፈን ከኋላ የተቀደደ ማርሚታን ከፊት እንደመድፈን ነው። ክፍተቱን የሚዘጋ አሠራር ያለው የሩሲያው ናጋን እ.ኤ.አ. 1895 ሞዴል በዚህ የታወቀ ልዩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ለሰላዮቻቸው የሠሩት ዌልሮድ የተባለ ሽጉጥ በጣም ጸጥ ያለ ነበር፤ ለዚያም የተከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሽጉጡ በራሱ አያጎርስም፤ ተኳሹ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ በእጁ ከፍቶ ማጉረስ ነበረበት። የብረቱን ድምፅ ለመቀነስ ፍጥነቱን ከፈሉ ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን ይህ ሁሉ የዕውቀት ጉዳይ ነው እንጂ የገበያ ጉዳይ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መነገድንና ማዘዋወርን ይከለክላል። በመንደር ኑሮ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ምስክር ነው። ሰው ሰምቶ ይወጣል፣ ማን ወዴት እንደተኮሰ ይጠየቃል፣ የተመታም ካለ ይደረስለታል። ያንን ምስክር ዝም የሚያሰኝ ዕቃ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የሚገዛ ሰው ጆሮውን ለመጠበቅ እንዳልገዛው ጎረቤቱ ሁሉ ይገባዋል። እኔም ለጠያቂዎቼ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

«ጆሮዬ ጭው አለ»

አሁን ወደ ቁጥሩ። የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል። አሥር ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ሠላሳ ሲጨምር ሺህ እጥፍ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለው ጩኸት ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 100 ዴሲቤል ነው። የሽጉጥና የክላሽ ተኩስ በተኳሹ ጆሮ ዘንድ 160 አካባቢ ይደርሳል። እንዲህ ላለ ድንገተኛ ጩኸት ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው ጣሪያ 140፣ ለሕፃን ደግሞ 120 ነው።

ጥሩ ማፈኛ የሚቀንሰው 30 ያህል ነው። ኃይሉን ወደ አንድ ሺህኛ ያወርደዋል፤ ያም ሆኖ 130 ይቀራል። ፊልሙ «ፍስ» ያሰኘው ነገር በእውነቱ ከወፍጮ ቤቱ በእጅጉ የሚበልጥ ጩኸት ነው። በሠለጠነው አገር ማፈኛ የገጠሙ ተኳሾችም ጆሯቸውን የሚሸፍኑት ለዚህ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ በተጠቀለለ አካል ውስጥ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አእምሮ የሚልኩ 15 ሺህ ያህል ረቂቅ ፀጉራም ሕዋሳት አሉ። ኃይለኛ ጩኸት ነፋስ ጤፍን እንደሚያጋድመው ያጋድማቸዋል። ከቀላሉ ይነሣሉ፤ ከኃይለኛው ይሰበራሉ። በቤታችን የምናረባት ዶሮ እነዚህ ሕዋሳት ቢሞቱባት መልሰው ይበቅሉላታል፤ ለሰው ግን አይበቅሉለትም። ከተኩስ በኋላ «ጆሮዬ ጭው አለ» የምንለው የሕዋሳቱ ለቅሶ ነው። ጭውታው በማግሥቱ ቢጠፋም ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ ካልጠፋ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ሕክምናው የሚረዳው በጊዜ ሲጀመር ነውና።

መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። ጸናጽልና የወፍ ጩኸት ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ሸ» ያሉት ፊደሎች ይምታታሉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው አያን «ልጅዎ እኮ ሠራ!» ብሎ ሊያስደስታቸው ቢል «ልጅዎ ፈራ» ብለው ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ። በጎጃም ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ሌላ ነገር ሊያስረዳ የተነገረ ቢሆንም በአያ ላይ ሌላ እውነት ሆኖ አየሁት። ጆሮ ሲሰበር አይደማም፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ሌሎች ሁሉ ካወቁ በኋላ ነው።

በነፃ የሚገኘው ማፈኛ

ሠላሳ ዴሲቤል የሚቀንስ ሌላ ነገር አለ፤ ዋጋም ፈቃድም አይጠይቅም። ርቀት ነው። ሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ስድስት ዴሲቤል ይቀንሳል። ከተኳሹ 2 ሜትር ላይ የቆመ ልጅ ወደ 4፣ ወደ 8፣ ወደ 16፣ ወደ 32፣ ወደ 64 ሜትር ቢወሰድ ርቀቱ አምስት ጊዜ በእጥፍ ጨምሯልና 30 ዴሲቤል ድኗል። በቆርቆሮ በተከደነ ዳስ ሥር ግን ድምፁ እየነጠረ ስለሚመለስ ሒሳቡ ይበላሻል።

ለተኳሹ ራሱ ደግሞ የጆሮ መድፈኛ አለ። ለስላሳው የስፖንጅ መድፈኛ በደንብ ተጠቅልሎ ከገባ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ይከላከላል። ጥጥ መወተፍ ግን አያድንም፤ ድምፅ በጥጥ ውስጥ ያልፋል። አደን ወይም የኢላማ ልምምድ ያለው፣ በጥበቃ ሥራ የሚውል ሰው ጥይት ሲገዛ መድፈኛም ይግዛ። ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን በተመለከተ ደግሞ ጆሮ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። ወደ ላይ የሄደ ጥይት ሁሉ የሆነ ቦታ ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ተኳሹ አይመርጥም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የጎጃም ልጆች ተኩስን ከሠርግና ከቀብር ውጭም ሰምተውታል። የክላሹን ከመትረየሱ በድምፅ ብቻ የሚለይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ በደስታ ቀን እንኳ ማረፍ አለበት።

የርቀቱን ሒሳብ ለአያ በመሬት ላይ በጭረት እየቆጠርኩ አስረድቻቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ስትዳር ወጣቶቹ ክላሻቸውን ይዘው ዳሱ ደጃፍ ተሰበሰቡ። አያ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና ከዳሱ ምሰሶ ጀምረው እየቆጠሩ መራመድ ጀመሩ። አጥሩን አልፈው፣ ባሕር ዛፉን አልፈው ስድሳ አራት ሲሉ ቆሙ። ቀና ሲሉ የጎረቤት ደጃፍ ላይ ናቸው፤ እዚያም ሕፃናት አፈር ላይ ይጫወታሉ። አያ ሕፃናቱን ትንሽ አይተው ተመለሱ።

«ቦታ የለም» አሉ ለወጣቶቹ። «ካርታውን አውጡና ጠመንጃውን ከቤት አስቀምጡት። ዛሬ እልልታው ይበቃል።»

ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ዳሱ አዙረው፣ መዳፋቸውን ከኋላው አድርገው፣ የሚሰማቸውን ያህል ሰሙ።